ስማችን የተቆረጠበት ሸክላ

አንዳንዱን ዝርዝር አሳስቼ ይሆናል። ከዳባት በወጣሁበት ቀን በረዶ ይጥል እንደነበር ለብዙ ሰው ነግሬያለሁ፤ ካሳ ግን ጠራራ ፀሐይ ነበር ይላል። የማልጠራጠረው አንድ ነገር ነበር፦ ከመሄዴ በፊት በእናትነሽ ልብስ ስፌት ቤት ሦስታችን ተጫውተን ቀድተናል፤ ከመጀመራችንም በፊት ማን ምን እንደሚጫወት በየስማችን ተጠርተናል።

ካሳ ደባርቅ ፊዚክስ ያስተምራል፤ መሰንቆ ይጫወታል። እኔ ዋሽንት ነፋሁ። እናትነሽ የስፌት መኪናዋን ያለ ጨርቅ እየረገጠች አንዴ ታስሮጠዋለች፣ አንዴ እንደ አንካሳ ታስነክሰዋለች። ዜማ አላጠናንም፤ አንዱ የጀመረውን ሌላው እየሰማ ይመልሳል። እንዲጠገን የሰጡትን ሱሪ በር ላይ የሚጠብቁ አንድ ቄስ፣ "ልጆቼ፣ ግጥሙ መቼ ይመጣል?" አሉን።

"አይመጣም፣ አባ።"

"እንግዲያው ሱሪዬ ይምጣ!"

እየሳቅን ተሰነባበትንና ወደ ጎንደር በሚሄደው ሚኒባስ ተሳፈርሁ።

በረሃውንና ባሕሩን ያለፍሁት ዋሽንቴን ብብቴ ሥር ይዤ ነው። አሁን የምኖርባት የጀርመኗ ኮሎኝ ብርድ የደባርቅን አያህልም፤ ነገር ግን የደባርቅ ብርድ ሰውን እሳት ዳር ይሰበስባል፣ የዚህኛው በየበሩ ኋላ ይቆልፋል። አከራዬ የከሰዓቱን የጸጥታ ጊዜ "ሩሄሳይት" ይሉታል። ዋሽንቴን ባነሣሁ ቁጥር ግድግዳውን ይደበድባሉ፤ ድብደባው ግን አይከለከልም።

እንደኛ ዜማ ሳያጠኑ እዚያው እየፈጠሩ የሚጫወቱትን፣ እዚህ "ፍሪ ኢምፕሮቫይዜሽን" የሚሉትን ሙዚቃ በሸክላ የሚያሳትም ሰው አገኘሁና ቅጂውን በኢሜይል ላክሁለት። ታትሞ ሲመጣ ሽፋኑ ላይ የሰፈረው "ስማቸው ያልታወቀ የሰሜን ተራሮች እረኞች" የሚል ነው። የስፌት መኪናው "የጥንት ወፍጮ" ሆኗል። ቄሱ ስለ ሱሪያቸው የተናገሩት "ምርቃት" ተብሏል።

"ስማችንን ለምን ቆረጥኸው?" አልሁት ቢሮው ድረስ ሄጄ።

"ምንም ስም አልነበረበትም። የላክኸው በሙዚቃ ነው የሚጀምረው።"

"እኔስ? ፊትህ ተቀምጬ ስሜ ያልታወቀ እረኛ ነኝ?"

"ስም ሲኖር ምስጢሩ ይጠፋል" አለኝ እየፈገገ። እዚህ አገር ሰው ሲሰድብህም ይፈግጋል። ማስረጃ ካመጣሁ ሁለተኛውን እትም ሊያስተካክል፣ ካላመጣሁ ግን ዓርብ እንዳለ ሊያሳትመው ነው።

በቁጣ ጦፌ ወጣሁ፤ ደረጃው ላይ ግን ጥርጣሬ ያዘኝ። በረዶውን የፈጠረ አእምሮ ስማችንንስ አልፈጠረም?

ለካሳ ደወልሁ።

"እረኛ?" አለ። "የበግ ነው የፍየል? ተማሪዎቼ ቢሰሙ ክፍል አያስገቡኝም!" ከዚያ ድምፁ ዝቅ አለ። "እናትነሽ ሸክላውን ሱቋ ውስጥ ልትሰቅለው ሚስማር መትታለች። ሲደርሳት ምን ልበላት?"

"ለጊዜው ምንም አትበላት።"

"አንተ ሰውዬ፣ የላክኸው ኢሜይል የት ሄደ? ክፈተው እንጂ!"

ከፈትሁት። የበረዶ ድምፅ የለም። ስም የጠራው ካሳ ይመስለኝ ነበር፤ እርሱም አይደለም። ለዚያ ሰው በላክሁለት ቅጂ ላይ፣ ሙዚቃው ከመጀመሩ በፊት፣ እናትነሽ ጥርት ባለ ድምፅ እንዲህ ትላለች፦

"ዳባት። መሰንቆ፣ ካሳ። ስፌት መኪና፣ እናትነሽ። ዋሽንት፣ አያሌው፤ ዛሬ ይሄዳል።"