ካቆመበት እንዲቀጥል

ነገሩ የጀመረው ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ሩዋንዳ ሰፈር ባለው ቢሮዬ ግማሽ ቀን ሠርቼ፣ ታክሲ ቀያይሬ ጎሮ ቤቴ ገባሁ። ጫማዬን ሳላወልቅ ላፕቶፔን ስከፍት መልሱ መጥቶ አገኘሁት።

ለሳምንታት ስጠብቀው የነበረ መልስ ነው። በነፃ የሚታደል፣ ማንም ውስጡን አይቶ ሊያሻሽለው የሚችል አንድ ኦፐሬቲንግ ሲስተም አለ፤ በትርፍ ጊዜዬ እሱ ላይ እሠራለሁ። ሲስተሙን ከባዶ ገንብቶ፣ የተበላሸ ነገር እንዳለ በየተራ የሚፈትሽ ስክሪፕት፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ተራ በተራ የሚፈጽመው የትእዛዝ ዝርዝር አለው። ሥራው ግማሽ ቀን ይፈጃል። መሀል ላይ ከተቋረጠ ግን የሠራውን ሁሉ ጥሎ እንደገና ከመጀመሪያው ይነሳል። እኛ ሰፈር ደግሞ መብራት ሳይቆራረጥ ግማሽ ቀን ከቆየ እንደ በዓል ነው። የላፕቶፔ ባትሪ ከሞተ ቆይቷል፤ መብራት ሲሄድ እሱም አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ስክሪፕቱ ካቆመበት እንዲቀጥል አስተካክዬ፣ ተቀበሉኝ ከሚል ጥያቄ ጋር ላክሁ።

ሥራውን የሚመረምረው ሰው ውጭ አገር ነው፤ መልኩንም ድምፁንም አላውቅም። በትሕትና ነው የጻፈልኝ፦ አሠራርሽ ንጹሕ ነው፣ ግን ለማን ይጠቅማል? ማሽኑን ከፍቶ መተው ነው፣ ራሱ ይጨርሳል። አንቺስ ምን ትያለሽ?

የምለው ብዙ ነበረኝ። የጻፍኩት ግን “እሺ፣ ልክ ነው፣ አመሰግናለሁ” ብቻ ነው። እኔ ባደግኩበት ቤት ታላቅን “አይሆንም” አይሉም። እሺ ተብሎ ዝም ይባላል፤ የሚያውቅሽ ሰው ፊትሽን አይቶ ደግሞ ይጠይቅሻል። እሱ የእኔን ፊት ከየት ያየዋል? ሻይ ጥጄ ስመለስ ጥያቄዬን አልተቀበልነውም ብሎ ዘግቶታል።

ታላቅ እህቴ ከምትሠራበት ፋርማሲ ስትገባ ሶፋው ላይ ተጋድሜ አገኘችኝ።

“ምነው? ማን ሞተ?”

ነገርኳት።

“ቆይ፣ መብራት እንደሚጠፋብሽ ነግረሽዋል?”

“አልነገርኩትም።”

“ታዲያ በምን ይወቅ? ጠንቋይ ነው?”

“መብራት የለንም ብዬ ለፈረንጅ ልጻፍ? ያሳፍራል እኮ።”

“ወይ አንቺ! የምታጠፊው አንቺ ነሽ እንዴ የምታፍሪው?”

ሳቋን ሳትጨርስ የጎረቤት ቴሌቪዥን ጸጥ አለ። ከላይኛው ፎቅ አንድ ሰው “ኤጭ!” ሲል ተሰማ።

“ይኸው፣ ምስክርሽ መጣ” ብላ ወደ ጓዳ ገባች።

እኔ ግን አልሳቅኩም፤ ደክሞኝ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ቢሮ ውስጥ እሺ ስል ነው የምውለው። ማታ ቤቴ ገብቼ የምሠራው ይህ አንድ ነገር ብቻ የራሴ ነበር፤ እሱንም ማንም ሳይወስድብኝ በገዛ እጄ እሺ ብዬ ሰጠሁት። ከሥራው ይልቅ ይሄ አደከመኝ።

እሑድ ጠዋት ስነቃ መብራት መጥቷል። ፊቴን ሳልታጠብ ቁጭ አልኩና ጥያቄዬን መልሼ ከፈትኩት። እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ ትናንት እሺ ያልኩት ተስማምቼ አይደለም። እኔ የምሠራበት ቤት መብራት ቶሎ ቶሎ ይጠፋል። እናንተ ጋ ከፍታችሁ የምትተዉት ማሽን እኔ ጋ ሥራውን አይጨርስም። እንደ እኔ ያሉ ሌሎችም አይጠፉም።

“ይቅርታ” ብዬ ነበር የጀመርኩት። እሷን ቃል አጠፋሁና፣ መብራቱ ሳይሄድብኝ ላክሁት።