ወይዘሮን የከፈተ እጅ

በዚያ ቄራ ውስጥ በሬ ፊት ቆሞ ዓይኑን የማያርገበግብ ሰው ቢኖር ጎራዴ ነበር። ይህን ስም ያወጡለት የሥራ ጓደኞቹ ናቸው፤ እናትና አባቱ ያወጡለትን ስም ከታላቅ እህቱ በቀር የሚያስታውሰው አልነበረም፤ እርሷም ብትሆን ስትቆጣው እንጂ አትጠራበትም። አንገቱ ከትከሻው ጋር ያለ ድንበር የተቀላቀለ፣ ቢላውን ሲስል ከራሱ ጋር የሚያወራ፣ ሲስቅ የሚያስፈራ፣ ዝም ሲል ደግሞ ይበልጥ የሚያስፈራ ሰው ነው። ማለዳ የመጀመሪያው በሬ በብረት አጥሩ መካከል እየተገፋ ሲገባ፣ ጎራዴ ቢላውን መዝዞ ይጠብቀዋል። ከዚያ እስከ ቀትር ያለው ነገር ሁሉ ደምና እንፋሎት፣ የሰንሰለት ኳኳታና በሲሚንቶው ወለል ላይ የሚንፎለፎል ውሃ ነው።

ቁጣው እንደ ሥራው ነበር፤ አንዴ ከተጀመረ ሳይጨርስ አይመለስም። በቀልድ ምክንያት የአንድ ቆዳ ገፋፊ ጥርስ አራግፏል። ሚስቱም በአንድ ባልረባ ጭቅጭቅ መካከል የመኝታ ቤቱን በር በጡጫ ሲሰነጥቀው አይታ፣ «ዛሬ በሩ ነው፤ ነገ እኔ ነኝ» ብላ ሻንጣዋን አንጠልጥላ እንደ ወጣች አልተመለሰችም። ከዚያ ወዲህ ባሏ በሞተባት ታላቅ እህቱ ቤት ይኖራል። እትዬ በቄራው ሠራተኞች ምግብ ቤት ወጥ ሠሪ ናት፤ ምላሷ ከወንድሟ ቢላ የማይተናነስ፣ እርሱንም በዓለም ላይ ያለ ፍርሃት የምትገሥጸው ብቸኛዋ ሰው።

ጎራዴ የሚሳሳለት ነገር አንዲት ውሻ ነበረች። ሠራተኞቹ «ወይዘሮ» ይሏታል፤ ሰው ፊት ቀስ ብላ ትራመዳለችና፣ የወደቀ ሥጋም እስኪሰጧት ድረስ አታነሣምና። አንድ ቀን ሰንሰለት የበጠሰ ኮርማ ጎራዴን ከግድግዳ ጋር አጣብቆ የጎን አጥንቱን ሲሰባብረው፣ ሰው ሁሉ በየበሩ ሲሸሽ፣ ይህች ውሻ ዘልላ የኮርማውን አፍንጫ በጥርሷ ይዛ ተንጠለጠለች። ኮርማው እያወዛወዘ ከምሰሶው ጋር ቢያላትማትም አልለቀቀችም፤ የለቀቀችው ሌሎቹ ተመልሰው ኮርማውን ከጣሉት በኋላ ነው። ጎራዴ ከሆስፒታል እንደ ወጣ በመጀመሪያ የጠየቀው እርሷን ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምሳውን አብራው ትበላለች፤ በእግሩ የሚነካትም ሰው አልተገኘም።

ችግሩ የመጣው ወንድ የምትፈልግበት ወራት በደረሰ ጊዜ ነው። የሰፈሩ ወንድ ውሻ ሁሉ ከቄራው በር ላይ ሰፈረ። ቀኑን ሙሉ ይናከሳሉ፤ ጆሮው የተቦጨቀ፣ እግሩ የተሰበረ፣ ዓይኑ የፈሰሰ ውሻ በየጥጉ ይታያል። አንድ ማለዳ ትልቁ ጥቁር ውሻ ሌላውን ጉሮሮውን ይዞ በበሩ መካከል ዘነጠለው፤ ሥጋ ጫኞቹ ሬሳውን ተራምደው ገቡ። በማግስቱ ግን መንጋው የጥበቃውን ሠራተኛ ጥሶ እርድ ክፍል ገባና የአንዱን ቆዳ ገፋፊ ባት ቦጨቀ። ያን ጊዜ ሥራ አስኪያጁ ከቢሮው ወርዶ በደሙ ላይ ቆሞ ተናገረ።

«ይቺ ውሻ ወይ ትምከን፣ ወይ መርዝ ትብላ። ሰንበት ሳይገባ።»

ጎራዴ ቢላውን አጠበና ወደ እንስሳት ሐኪሙ ሄደ።

የቄራው ሐኪም ጫማው ዘወትር የሚያብለጨልጭ፣ አነጋገሩ የተመጠነ ቀጭን ሰው ነው። ሠራተኞቹ በሌለበት «ማኅተም» ይሉታል፤ ሥራው የታረደውን ከብት ሳንባና ጉበት ገልጦ መመርመርና ጤናማውን ሥጋ በወይን ጠጅ ቀለም ማተም ነበርና። በወጣትነቱ የታመመ ከብት አክሟል፣ ምጥ የጸናባትን ላም አዋልዷል፤ ቄራ ከገባ ወዲህ ግን እጁ የሚያውቀው የማይደማ አካል ብቻ ሆኗል። ጎራዴ ያገኘው በምግብ ቤቱ ሲሆን፣ ቆዳ ገፋፊዎቹም በዙሪያው ይበሉ ነበር።

«ዶክተር፣ ወይዘሮን ያምክኑልኝ።»

ሐኪሙ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። «አሁን አይሆንም። በዚህ ወራት ማህፀኗም የደም ሥሮቿም አብጠዋል፤ ሲነኳቸው ይደማሉ። ይህ ነገር ይለፍላትና አምጣት።»

«እስኪያልፍላትማ በመርዝ ይደፏታል።»

እትዬ ከምድጃዋ ዘወር አለች። «እኔ ጓሮ ያለው ዕቃ ቤት አለልኝ። ቆልፌባት እከርማለሁ። ወንዶቹ ደጄ ላይ ቢያላዝኑስ ምን ተዳዬ? ባሌ ከሞተ ወዲህ እዚያ ደጅ ላይ ማን ቆሞ ያውቃል!»

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ሐኪሙም ፈገግ አለ። ነገሩ በዚህ ሊያልቅ ይችል ነበር። ጎራዴ ግን እምቢታ የሚባል ነገር ከማንም አፍ ሲወጣ መስማት አይችልም፤ ደሙ ወዲያው ይፈላል።

«ሠራተኞቹ እውነታቸውን ነው ለካ!» አለ ጠረጴዛውን በመዳፉ ጠፍጥፎ። «የሞተ እንጂ በሕይወት ያለ ነገር መንካት ረስተዋል! ታርዳ ብትንጠለጠል ኖሮ ቀለም ይቀቧት ነበር። ማኅተም!»

ያ ስም በፊቱ ሲነገር የመጀመሪያው ነበር። ቆዳ ገፋፊዎቹ በሳቅ ፈረሱ፤ አንዱም ማንኪያውን አንሥቶ በምግብ ቤቱ እንጀራ የምትቆርጠውን ልጅ ግንባሯ ላይ «አተማት»። የሐኪሙ ጆሮ ደም መሰለ። መነጽሩን አድርጎ ተነሣ።

«ነገ፣ ከእርድ በኋላ አምጣት።»

«ዶክተር፣ አሁን አይሆንም አላሉም እንዴ?» አለች እትዬ።

«እመቤቴ፣ እዚህ ያለሁት ሐኪም እኔ ነኝ።»

በማግስቱ ቀትር ላይ ወይዘሮን በምርመራው ክፍል ባለው የብረት ጠረጴዛ ላይ አጋደሟት። መርፌው ሲገባ ጎራዴ ጭንቅላቷን ይዞ ነበር፤ ዓይኗ ከዓይኑ ሳይነቀል ቀስ በቀስ ደበዘዘ። ከዚያ ሐኪሙ አስወጣው። በበሩ መስተዋት ሲመለከት የሐኪሙን ጀርባ ብቻ ያያል፤ ያ ጀርባ መጀመሪያ ቀጥ ያለ ነበር፤ ቆይቶ ጎበጠ፤ ከዚያም ክርኖቹ በጥድፊያ ይንቀሳቀሱ ጀመር። መቆንጠጫ ሲወድቅ ተሰማ። ጨርቅ ተነሣ፣ ቀላ፣ ተጣለ፤ ሌላ ተነሣ። ሐኪሙ ሲወጣ ነጭ ካፖርቱ እስከ ክርኑ ድረስ ርሶ፣ ላቡ ከአገጩ ይንጠባጠብ ነበር።

«ትንሽ ደምታ ነበር፤ ቆሟል። ትተኛበት» አለና ካፖርቱን ቀይሮ የቀረውን ሥጋ ሊያትም ወደ መስቀያው አዳራሽ ሄደ።

ጎራዴ አጠገቧ ተቀመጠ። መተንፈሷን ያዳምጣል፤ ትንፋሿ አጭር ነው፤ እየቆየም አጠረ። እትዬ ሥራዋን ጨርሳ መጣችና የውሻይቱን ከንፈር በአውራ ጣቷ ገለጠች።

«ድዷን እየው! ወረቀት መስሏል እኮ! ሆዷንስ... አንተ፣ ሆዷ ተነፍቷል! ሩጥ፣ ጥራው!»

ሐኪሙ ከተንጠለጠለ ሥጋ ፊት ቆሞ ማኅተሙን ከቀለሙ ሲያነሣ ጎራዴ ደረሰ።

«ዶክተር፣ ወይዘሮ እየሞተች ነው። ይምጡ።»

«የሚያስተኛው መድኃኒት ነው።» ሐኪሙ ዞር ብሎ አላየውም። «ትነቃለች።»

«ድዷ ነጥቷል፤ ሆዷ አብጧል።»

«ትነቃለች አልኩህ። ሂድ፣ አጠገቧ ተቀመጥ፤ ሥራዬን ልሥራበት።»

ጎራዴ ከዚያ በኋላ የሆነውን ሲያስታውሰው እንደ አንድ ቅጽበት ነበር፤ ያዩት ግን ረዘም ያለ ጊዜ እንደ ነበር ይናገራሉ። የካፖርቱን አንገት ይዞ ሐኪሙን ከመሬት አነሣው፤ ከተንጠለጠለው ሥጋ ጋር አላተመው፤ ሥጋው ሲወዛወዝ አብሮ ተወዛወዘ። በጡጫ አፉን መታው፤ መነጽሩ ተፈናጥሮ በደሙ መውረጃ ቦይ ውስጥ ገባ። ሐኪሙ እጁን ለመከላከል ዘረጋ፤ በዚያ እጅ ላይ ማኅተሙ ነበረ። ጎራዴ የሚያየው እጁን ብቻ ሆነ። ያቺን ውሻ የከፈተ እጅ! አንጓውን ጨብጦ ከብረት ምሰሶው ጋር አጋጨው። ደገመው። ሠለሰው። አጥንት ሲሰበር የሚሰጠውን ድምፅ ጎራዴ ከማንም ይልቅ ያውቀዋል፤ ሰማው፤ ግን አላቆመም። ቆዳ ገፋፊዎቹ በወገቡና በእግሩ ላይ ተጠመጠሙ፤ አንዱን በክርኑ ደረቱን ብሎ ጣለው፤ ሌላውን በጭንቅላቱ ገጨው። አዳራሹ ቀውጢ ሆነ።

እትዬ ደምና ውሃው ላይ እየተንሸራተተች ገባች፤ ሐኪሙን አየች፤ የሐኪሙን እጅ አየች። እናትና አባታቸው ባወጡለት ስም ጮኻ ጠራችው።

«አንተ በሬ! እጁን? ሌላ የምትሰብረው አጣህ? መልሶ የሚከፍታት በየትኛው እጁ ነው?»

ጎራዴ ለቀቀው።

ሐኪሙ በምሰሶው ላይ ተንሸራትቶ ተቀመጠ። ሦስት ጣቶቹ ወደማይታጠፉበት ተጣጥፈዋል። ደም ተፋና ለመጀመሪያ ጊዜ ቃሉን ሳይመጥን ተናገረ። «ሆዷ... በእርግጥ ተነፍቷል?»

«ተነፍቷል።»

«ቋጠሮው ተንሸራትቷል ማለት ነው። ያበጠ ሥር ላይ ያሰርኩት ነው፤ ጠርጥሬው ነበር።» ዓይኑን ጨፈነ። «አንሡኝ። አሁን ካልተከፈተች አትተርፍም።»

በዚያ ከተማ ሌላ የእንስሳት ሐኪም አልነበረም። ደግፈው ወደ ምርመራው ክፍል ወሰዱት። ሐኪሙ የተሰበረ እጁን ደረቱ ላይ አስደግፎ በግራው መቀሱን አነሣ፤ መቀሱ ስፌቱን ስቶ ቆዳዋን ነካ፤ ለጎራዴ ሰጠው።

«የስፌቱን ክር ቁረጥ። እኔ እነግርሃለሁ።»

ጎራዴ ዘመኑን ሙሉ ሆድ ከፍቷል፤ ይዘጋል ተብሎ የተከፈተ ሆድ ግን አያውቅም። ክሩ ሲበጠስ ደሙ ተገንፍሎ ጠረጴዛውን፣ ልብሱን፣ ወለሉን አጠበ። በየቀኑ የሚራመድበት ደም ነው፤ ያን ቀን ግን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸ።

«አትቁም! ጣትህን አስገባ። ወደ ጀርባዋ... ወደ ታች። የሚርገበገብ ነገር ታገኛለህ። እርሱን ቆንጥጠህ ያዝ።»

«አላገኘሁም።»

«ፈልግ!»

«አላገኘሁም ዶክተር!... ቆይ። ያዝኩት።»

ደሙ ቆመ። እትዬ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ሐኪሙ በግራ እጁ የውሻይቱን ጭን ውስጥ ዳስሶ የደም ሥሯን ትርታ አገኘና፣ «አለች፤ ገና አለች» አለ።

አሁን መቋጠር ነበረበት። ሐኪሙ በአንድ እጁ ክሩን በሥሩ ዙሪያ ሊያዞር ሞከረ፤ የረጠበው ክር ከጣቱ አመለጠ። እንደገና ሞከረ፤ የተሰበረውን እጅ ሳያስበው ዘረጋና ጮኾ አጎነበሰ። ጎራዴ በነጻው እጁና በጥርሱ ክሩን ሳበ፤ ክሩ ተበጠሰ።

«እንደ በሬ ገመድ አትጎትት! ቀስ በል!»

ሌላ ክር ሰጡት። ያም ተበጠሰ። እትዬ ገፍታው ገባች፤ መነጽር በሌለው ዓይኑ የሚያጨነቁረው ሐኪም እየመራት ክሩን ከወንድሟ ጣቶች በታች አዞረች፤ የመጀመሪያውን ቋጠሮ ጀመረች። ሐኪሙ ግን እጁን ከውሻይቱ ጭን ላይ አላነሣም ነበር፤ ፊቱ ተለወጠ። ጣቱን ትንሽ አዘዋወረ፤ ጠበቀ፤ እንደገና አዘዋወረ።

«ተዪው፣ እመቤቴ።»

«ይኸው እኮ ያዘ!»

«ተዪው።»

ከውጭ የመኪና በር ሲዘጋ ተሰማ፤ ሥራ አስኪያጁ ፖሊስ ጠርቶ ነበር። ጎራዴ ቀና አላለም።

«ዶክተር፣ እጅዎ ደኅና ቢሆን ኖሮ?»

ሐኪሙ የሚዋሽበት ጊዜ ነበረው፤ ከንፈሩ የተሰነጠቀ፣ እጁ የተሰባበረ ሰው ያሻውን ቢናገር የሚወቅሰውም አልነበረም። «ትድን ነበር» አለ። «አሥረው ነበር።» ደግሞም፣ «እንቢ እንዳልኩ ብጸና ኖሮ ግን የሚታሠርም ሥር ባልነበረ። በሰው ፊት ማኅተም ስትለኝ ነው የተሸነፍኩት።»

ሁለት ፖሊሶች ገቡ፤ ወለሉን አይተው ከበሩ ላይ ቆሙ። ታላቁ ወደ ሐኪሙ ዞረ።

«ዶክተር፣ ይህን ያደረገብዎ ማን ነው?»

«እርሱ ነው» አለ ሐኪሙ።

«አንተ! እጅህን ወደ ላይ!»

ጎራዴ አልተንቀሳቀሰም። ፖሊሱ ዱላውን መዘዘ፤ ደግሞ ጮኸበት። ጎራዴ ቀኝ እጁ እስከ አንጓው በውሻይቱ ሆድ ውስጥ እንዳለ ቆሞ ነበር።

«ከለቀቅኩት ይደማል» አለ።

ፖሊሱ ዱላውን እንዳነሣ ግራ ገብቶት ሐኪሙን አየው፤ ሐኪሙ ወደ ግድግዳው ዞረ። እትዬ በወንድሟና በዱላው መካከል ገባች። እጇን ከእጁ ጋር አስገብታ ጣቶቹን አገኘች፤ እንደ ብረት ደርቀው ነበር።

«ልቀቀው፣ ወንድሜ» አለችው። «የሚደማ ነገር የለም።»

እሺ አላለም። ጣቶቹን እርሷው አላቀቀቻቸው።