ባለ ሦስት ጥያቄ ምልክት

የክሊኒኩ የኮምፒውተር ባለሙያ አንገቱ ላይ ማዳመጫ ያንጠለጥላል፤ ገመዱ ግን ከኪሱ በቀር የሚገባበት የለም። ሲራመድ መሬት እሱን ልትሸከም የተመረጠች ያስመስላታል።

እሱ የሠራው ፕሮግራም ላይ የአማርኛ ስም ሲመዘገብ በየፊደሉ ፈንታ ጥያቄ ምልክት ይደረደራል። መዝጋቢዋም ሲቸግራት ቆጥራ ትጣራለች፦ «ባለ ሦስት ጥያቄ ምልክት!» አሥር ሰው ብድግ ይላል። ትናንት አንዲት የሰባ ዓመት እናት «እርጉዝ ነዎት» የሚል ውጤት ደረሳቸው።

ወረቀቱን ይዘው ባለሙያው ክፍል ድረስ ሄዱ። «የኔ ልጅ፣ ለመሆኑ የማን ነው?»

«እማማ፣ ስምዎን በእንግሊዝኛ ፊደል ያስመዝግቡ። የኛ ፊደል በዝቶ እኮ ነው!»

ዓይን ያወጣ ውሸት! ስሞቹ የሚከማቹበት ዳታቤዝ አማርኛን አሳምሮ ይችላል። የጎደለው፣ ፕሮግራሙ ከዳታቤዙ ጋር ሲገናኝ በየትኛው የፊደል ኮድ እንደሚነጋገር የሚገልጽ አንድ መስመር ነው። ይህን መዝጋቢዋ እንኳ ጠይቃ ደርሳበታለች። «አንድ መስመር እኮ ነው፣ ጋሼ!» ስትለው ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ይደፋል።

ሰነፍ እንዳይመስላችሁ፤ ፈሪ ነው። መስመሩን ቢጨምር ከዛሬ ጀምሮ ሰው ሁሉ በስሙ ይጠራል። ያለፉት ስድስት ወራት ስሞች ግን ጥያቄ ምልክት ሆነው ስለተቀመጡ አይመለሱም፤ ያኔ ማን እንዳጠፋቸው ይታወቃል። ስለዚህ ያ ጥፋት ተነጥሎ እንዳይታይ፣ ዛሬም እስከ ምሳ ሰዓት አርባ አዲስ ስም ጨመረበት።