ጠላ የሌለበት ደቦ

ዓመቱ ስንት እንደነበር ከጭንቅላቴ ጠፍቷል። ብቻ ጢሜ በደንብ ሳይወጣ፣ ባምባሲ አጠገብ አጎቴ ቆርሶ በሰጠኝ መሬት ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰሊጥ የዘራሁ ጊዜ ነው። ባለፈው ቅዳሜ አሶሳ ገበያ አንዲት ሴት ሰሊጥ ከማዳበሪያ ወደ ሸራ ስትገለብጥ ድምፁን ሰምቼ ቆምኩ። ለሌላው ሰው ምንም አይደለም። እኔ ግን ያ ድምፅ ማሳ ላይ ሲሰማ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ።

ሰሊጥ ትዕግሥት የለውም። ማሽላ ቢዘገዩበትም ይጠብቃል፤ ሰሊጥ ግን ቢጫ ማለት ሲጀምር ካልታጨደ ሽፋኑ ይከፈትና ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል። ስለዚህ ደቦ ይጠራል፤ ባለ ማሳው ጠላ ያስጠምቃል። ሥራ ሳይጀመርም የመጀመሪያውን ዋንጫ ማሳው ዳር ካለው ዋርካ ሥር ለአድባሩ ያፈሳል።

እኔ በዚያ ክረምት ወንጌል ሰምቼ ጌታን ተቀብዬ ነበር። ያኔ ማንበብ እንኳ አልችልም፤ ገና ፊደል እየቆጠርኩ ነበር። ጠላ አላስጠምቅም፣ ለዛፍም አላፈስም አልኩ። በጠላው ፋንታ ብርዝ በጠበጥኩ፤ ማር እንደሁ በኛ በኩል ሞልቷል። በደቦው ዕለት አንድም ሰው አልመጣም። አባቴ ከሞተ በኋላ ያሳደገኝ አጎቴ ብቻ በመንገዱ ሲያልፍ፣

«ማርህን ለንቦቹ መልስላቸው!» አለኝ። «ሰሊጥህን መሬት ሲበላው ወደ ልብህ ትመለሳለህ።»

ብቻዬን ጀመርኩ። ቀትር ላይ ቀና ብዬ ሳይ ያጨድኩት የማሳውን አንድ ጥግ እንኳ አይሞላም። ነፋስ መጣና ከላይኛው ጫፍ ፍሬው ሲረግፍ ሰማሁ። ተቀመጥኩ። ከጎረቤት አንድ እንስራ ጠላ ለምኜ፣ ዋንጫውንም አፍስሼ ልገላገል ወደማለቱ ደርሼ ነበር።

ከማሳው በታች ካለው ወንዝ ማዶ የሚኖሩ፣ ከጸሎት ቤታችን ሰዎች ሁሉ በዕድሜ የሚበልጡ አንዲት ባልቴት ነበሩ፤ እንደ እናት «አዴ» እንላቸዋለን። ጀርባቸው ጎብጧል። ማጭድ በነጠላቸው ጠቅልለው መጡ።

«ደቦው የታለ?»

«እርስዎና እኔ ብቻ ነን፣ አዴ።»

«ጌታን የት ጣልከው?» ብለው ሳቁ።

ያሰብኩትን ነገርኳቸው። አልተቆጡኝም። «እኔም ባሌ የሞተ ጊዜ ሃይማኖት ለውጣለች ብለው ለለቅሶ እንኳ ሳይመጡ ቀሩ። ብቻዬን የቀረሁ መስሎኝ ነበር። አልነበርኩም፣ ልጄ። ጌታ አብሮኝ ነበር፤ እስከ ዛሬም አልተለየኝም። በል አሁን ጎንበስ በል» አሉኝ።

እያጨዱ ጮክ ብለው ይጸልያሉ። ለኔ ሰሊጥ መስሎኝ አሜን፣ አሜን ስል፣ ለካ ደቦው ላይ ላልመጡት ጎረቤቶች ኖሯል፤ ያውም በየስማቸው! የዚህኛውን ማሽላ ከወፍ ጠብቅለት፣ የዚያችን ልጅ ከወባ አድንላት።

«አዴ፣ ኧረ የኔን ያስቀድሙ፤ እየረገፈ እኮ ነው!»

«ያንተንማ እያጨድኩልህ አይደል?»

ቀጥለው ወደ አጎቴ ዞሩ። ዳለቻ የሚለው በሬው ታሞበት ነበርና እንዲምርለት ለመኑ። ቀና ስል አጎቴ መንገዱ ላይ ቆሟል። ዞሮ ወደ ቤቱ ሄደ።

በማግስቱ ማለዳ ከባልቴቷ ጋር ማጨድ ስንጀምር፣ አጎቴ ማጭዱን ትከሻው ላይ፣ ጠላ የሞላ ቅል በእጁ አድርጎ መጣ። «አንተ አትጠጣ፤ እኔ የራሴን ይዣለሁ» አለኝ። ወደ ባልቴቷ ዞሮ ደግሞ፣ «አንቺ ሴትዮ፣ በሬዬ ዛሬ ሣር ቀመሰ» ብሎ ጎንበስ አለ። ሌላ የመጣ የለም። ያጨድነውን እያሰርን እንዲደርቅ አቆምነው። ከሰሊጡ ብዙው ረግፎ ቀረ፤ የተረፈው ግን ለዘርም ለቀለብም በቃኝ። አጎቴ እስኪሞት አላመነም፤ ቤቴ ሲመጣ ግን ብርዜን እየደጋገመ ይጠጣ ነበር።

ዛሬም ስለ እምነቴ የሚከፋብኝ ሰው አይጠፋም። ብዙ አልተማርኩምና ሲጨንቀኝ ከምዕራፍና ከቁጥር በፊት ትዝ የሚለኝ የባልቴቷ ድምፅ ነው። ያስከፉኝን ሰዎች አንድ በአንድ በየስማቸው ጠርቼ እጸልይላቸዋለሁ። ስጀምር ጥርሴን ነክሼ ነው፤ እየቆየሁ ስሄድ ደረቴ ቀለል ይለኛል፣ ጌታም አጠገቤ እንዳለ ይሰማኛል። ይህን መንገድ ያሳዩኝ እኒያ ባልቴት ናቸው። አዴ ሹሜ ይባሉ ነበር።