ነጭ ነጠላ ላይ የሰፈረ ንብ

ባለፈው ቅዳሜ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ድንች ስልጥ የጓደኛዬ የዘነቡ የልጅ ልጅ ትዕግሥት መጣች። ሩቅ አገር ዩኒቨርሲቲ ተመድባ ልትሄድ ነው። የጫማዋን ጭቃ አራግፋ ጉልበቴን ሳመችና፣ «እትዬ የውብዳር፣ ህልም አይቼ ነው፤ ይፍቱልኝ» አለችኝ። የላጥሁትን ድንች መልሼ ላጥሁት መሰለኝ።

«እኔ እንኳ መፍታት ከተውሁ አርባ ዓመት አለፈኝ። እስቲ መጀመሪያ ቆሎ ቅመሽ» ብዬ ቆሎ ላመጣ ጓዳ ገባሁ። ገብቼም እዚያው ቆሜ ቀረሁ።

ያሳደጉኝ አክስቴ ደብረ ታቦር ውስጥ በህልም ፈቺነት የተከበሩ ሴት ነበሩ። ሰው ከቅዳሴ ሲመለስ እኛ ደጅ ጎራ ይል ነበር፤ እኔም ከጎናቸው ቁጭ ብዬ ሁሉንም ለቃቅሜ ያዝሁ። ጉንዳን ዘመድ አዝማድ ነው፣ ዝንብ ሐሜት፣ ንብ በረከት። ነጭ ደስታ፣ ቀይ ጠብ፣ ጥቁር ሐዘን። ጥቁር ዝንብ ያየ ሰው ሳምንት ሙሉ ከጎረቤት ጋር ባያወራ ይሻለዋል ይሉ ነበር። የእኛን ሰፈር ለሚያውቅ ሰው ለዚህስ ህልም አያስፈልገውም።

አንድ ነገር ግን ደጋግመው ያስጠነቅቁኝ ነበር። «ህልም እንደ ፈቺው ነው። መጀመሪያ በፈታው ሰው አፍ ይጸናል፤ ሌላ ሰው አያቃናውም። ክፉ እንኳ ብትሰሚ ደግ አርገሽ ፍቺ።»

ከዘነቡ ጋር አብረን አድገን፣ ጎንደር ሄደን ነርስነት ለመማር አብረን ተፈተንን። እሷ አለፈች፣ እኔ ወደቅሁ። «እንኳን ደስ ያለሽ» ስላት አፌን እሬት እሬት አለኝ። ቅናት ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

ልትሄድ ሦስት ቀን ሲቀራት ቤታችን መጣች። ጳጉሜ ስለነበር አክስቴ ጠበል ሊጠመቁ ጣራ ገዳም ወርደዋል። የድንች ቅቅል በአዋዜ አቀረብሁላት።

«ንብ ከሰማይ እየወረደ ነጭ ነጠላዬ ላይ ሰፈረ» አለችኝ። «ነጠላው እስኪጠፋ ድረስ ሸፈነው። ግን አልነደፈኝም። እናቴ በር ላይ ቆማ ታየኛለች። አንቺ ፍቺልኝ፤ ህልም ለወዳጅ ነው የሚነገር።»

ፍቺው ለሕፃን እንኳ ግልጽ ነበር። በረከት ነው፣ ደስታ ነው፣ ሂጂ። ነገር ግን እናቷ ከሐምሌ ጀምሮ ደረታቸውን ታመው እንደተኙ አውቃለሁ።

«ነጩ መግነዝ ነው» አልኋት። «ንቡም ለቀስተኛ ነው፤ ጥለሻቸው ከሄድሽ እናትሽን በቁም አታገኚያቸውም።»

የያዘችውን ድንች ሰሃኑ ላይ መለሰችው። «ምነው አክስትሽን በጠበቅሁ» አለች። ቀልዴን ነው ማለት እችል ነበር። እስከ በር ሸኝቻት ተመለስሁና የተረፈውን ድንች በላሁ።

ዘነቡ ሳትሄድ ቀረች። እናቷ ለመስቀል ድነው ተነሡ፤ ከዚያም ሃያ ዓመት ኖሩ። እኔ በዓመቱ ደግሜ ተፈተንሁና አልፌ ነርስ ሆንሁ። እሷ እብናት ገበያ እየተመላለሰች እህል እየነገደች ልጆቿን አሳደገች። ስትታመም መርፌ የምወጋት እኔ ነበርሁ። ክንዷን በያዝሁ ቁጥር ንገሪያት ንገሪያት ይለኛል፤ አልነገርኋትም። አክስቴም ከጣራ ገዳም ከተመለሱ ወዲህ ህልም የሚያስፈታ ሰው ሲመጣ «አንቺ ውኃ ቅጂ» እያሉ ያስወጡኝ ጀመር። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኋቸውም።

ቆሎውን ይዤ ወጣሁ። «ህልምሽን ለአያትሽ ነግረሻታል?»

«ልነግራት ስል አፌን ያዘችኝ። መጀመሪያ የውብዳር ትስማው አለች።»

«ሌላስ ምን አለች?»

ትዕግሥት አንገቷን ደፋች። «የኔን ያበላሸችው አውቃ ነው፤ አክስቷ ከጠበል ሲመለሱ ህልሜን ባጫውታቸው ነግረውኛል። አንዴ ከተፈታ ወዲያ ምን ይደረጋል ብዬ ተውሁት። ያንቺን ግን ታቃናዋለች አለች።»

አርባ ዓመት ሙሉ እያወቀች ነው እንግዲህ ክንዷን የምትሰጠኝ።

ልጅቷ ህልሟን ጀመረች። አረንጓዴ ፌንጣ ደብተሯ ላይ አርፎ... ሳትጨርስ «መልካም ነው፣ መንገድሽ የለመለመ ነው፣ ሂጂ» አልኋት። ደስ ብሏት ጉልበቴን ስማ ወጣች። ያ ቃል ለአያቷ የሚገባ ነበር።

«ለአያትሽ ነገ እመጣለሁ በያት» ብያት ነበር። ዛሬ ሐሙስ ነው። ነጠላዬን በየቀኑ ለብሼ እስከ በር እሄዳለሁ፤ እስካሁን ግን አልወጣሁም።