በአምስት ሰከንድ ሐኪም የሆነችው የዲመካ ልጅ

ማክሰኞ፣ ሊነጋ ሲል፣ ጂንካ

ሌሊቱን የዘነበው ዝናብ አሁንም ከቆርቆሮው ጠርዝ ይንጠባጠባል። ደብል ጋቢናዋ ሞተሯን አስነስታ ሆቴሉ በር ላይ ትጠብቀኛለች። የበና ተወላጅ የሆነው ሾፌራችን ኦይታ ጥርሱን በመፋቂያ እያሸ በአገጩ ሰላም አለኝ። ከኋላ የካሜራ ማቆሚያውን እንደ ሕፃን ታቅፎ የተቀመጠው ናሆም ነው፤ የአንድ የግል ጤና ኮሌጅ የማርኬቲንግ ሠራተኛ። አዲስ አበባ ያደገ፣ ጂንካ ከመጣ ብዙ ያልቆየ፣ ፈጣንና ተጫዋች ልጅ ነው። የሐመር ወረዳ ከተማ ወደሆነችው ዲመካ ወርዶ ለምዝገባው ማስታወቂያ ይቀርፃል፤ እኔ ለጋዜጣዬ የሚሆን ነገር ፍለጋ ተለጥፌበታለሁ። ነፃ መኪና ተገኝቶ ጉዳይ አይጠፋም።

የአሪ ገበሬዎች ሙዝና ጎመን ተሸክመው በጭጋጉ ውስጥ ወደ ከተማ ይገባሉ። እኛ በተቃራኒው እንወጣለን።

ቀይ አፈር ከተማ፣ ቁርስ

እንቁላል ፍርፍር በቃሪያ፣ ትኩስ ዳቦ፣ ስኳር የበዛበት ሻይ። ሒሳቡ ከጂንካ ይረክሳል፣ ዝንቡ ግን ይበልጣል።

ናሆም ስለ ሥራው ከጀመረ አያቆምም። «ከእኔ በፊት በሞንታርቦ ድምፅ ማጉያ ነበር የሚቀሰቅሱት፣ ጋሼ። ባነር ይሰቅላሉ፣ ንፋስ ይወስደዋል። አሁን ሰው ዘፈን ሊያይ ስልኩን ሲከፍት መጀመሪያ የሚያየው እኛን ነው።»

ስልኩን አቀበለኝ። ነጭ ጋዋን የለበሰች፣ ማዳመጫ አንገቷ ላይ ያደረገች ልጅ ፈገግ ብላ ታየኛለች። ኬሪ ትባላለች። የዲመካ ልጅ ናት፤ አስራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ ገበያ ላይ ትነግዳለች።

«ምን እየተማረች ነው?» አልኩት።

«እሷ እንኳ አትማርም። ካሜራ ይወዳታል፤ ጋዋን አልብሰን ቀረፅናት። ሰው አምስት ሰከንድ አይቶ ያልፋል፤ ስለዚህ ጋዋኑን መጀመሪያ ላይ አደረግነው። የምዝገባው ወሬ ከዚያ በኋላ ነው።»

«ከዚያ በኋላ ያለውን ማን ያየዋል?»

«የፈለገ» አለና ሳቀ። ከዲመካ በኩል የሚመጡ ተመዝጋቢዎች «ኬሪ የተማረችበት ነው?» ብለው እንደሚጠይቁም በኩራት ነገረኝ። ላም አለኝ በሰማይ፣ አልኩ በልቤ።

ዲመካ፣ ገበያው ሲሞላ

ቁልቁል በወረድን ቁጥር ሙቀቱ እየከበደ መጣ። ገበያው ላይ ማር በቅል፣ ማሽላ፣ የቡና ገለባ በጆንያ፣ በገመድ የተያያዙ ፍየሎች። ፀጉራቸውን በቅቤና በቀይ አፈር የሠሩ የሐመር ሴቶች አጠገብ ጎረምሶች ተቃቅፈው አንድ ስልክ ያያሉ።

ኬሪ በሸራ ጥላ ሥር ሳሙና፣ ጨውና ባትሪ ዘርግታለች። ስንደርስ ግን እየሸጠች አልነበረም። አንዲት እናት የታመመ ልጇን ጭኗ ላይ አስተኝታ በሐመርኛ ትለማመጣታለች፤ ኬሪ እጇን እያወዛወዘች ትከላከላለች።

«መርፌ ውጊው ነው የምትላት» አለኝ ኦይታ፤ የበናና የሐመር ቋንቋ አንድ ነው። «ከትናንት ጀምሮ ያተኩሰዋል። ኬሪ ጤና ጣቢያ ውሰጂው ትላለች። እናትየዋ ደግሞ፣ በስልክ ሐኪም ሆነሽ አይቼሻለሁ፣ የእኔን ልጅ ለምን ትንቂያለሽ ትላለች።»

ጤና ጣቢያው ከገበያው ብዙም አይርቅም። ልጁ ዓይኑን ጨፍኖ በአፉ ይተነፍሳል። ለልጁ ፈራሁ።

ኬሪ ናሆምን ስታይ ሰላምታም አላስቀደመች። «ናሆም፣ ያንን ቪዲዮ አጥፋልኝ። ገበያ በቆመ ቁጥር የታመመ ልጅ ያመጡልኛል። አይደለሁም ስላቸው ኮራችብን ይላሉ። አንዱ እዚህ ሲጠብቅ ቢሞትብኝስ?»

የናሆም ፈገግታ ጠፋ። «እስከ ምዝገባው ማብቂያ ተከፍሎበታል፣ ኬሪዬ። እኔ ብቻዬን ማውረድ አልችልም። አለቆቼን እጠይቃለሁ።» ከዚያ ወደ መጣበት ጉዳይ ገባ። አዲሱ ማስታወቂያ በሐመርኛ ይሆናል። ልጅ ወደ ኮሌጅ የሚልኩት አባቶች ናቸው፤ አባቶቹ ደግሞ አማርኛ አያነቡም። እሱ ሐመርኛ ስለማይሰማ የምትለውን በአማርኛ ነገራት፤ ትርጉሙን ለአለቆቹ በአማርኛ ከሥር ራሱ ይጽፋል።

«ሙሉውን በሐመርኛ?» አለች።

«ሙሉውን።»

ትንሽ አሰበች። «ጋዋን ግን አልለብስም።»

«እሺ። ዋናውን ነገር መጀመሪያ በይው። አምስት ሰከንድ ብቻ ነው ያለሽ።»

ሻጩም ገዢውም ዙሪያውን ከበበ። ኬሪ ካሜራው ውስጥ ትክ ብላ አይታ፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ ሳትቸኩል ተናገረች። ኦይታ መፋቂያውን ከአፉ አወጣ።

«ምን አለች?» አልኩት ቀስ ብዬ። በጆሮዬ መለሰልኝ።

«‹እኔ ሐኪም አይደለሁም› አለች። ‹ልብሱን አልብሰውኝ ነው። የታመመ ልጅ ወደ እኔ አታምጡ፣ ጤና ጣቢያ ውሰዱ። ልጆቻችሁን ብታስተምሩ ግን አንድ ቀን እውነተኛዋ ሐኪም ትመጣላችኋለች።›»

እናትየዋ ኬሪን ለረጅም ጊዜ አየቻት። ልጇን በጀርባዋ አዝላ በጤና ጣቢያው መንገድ ሄደች።

«አያችሁ?» አለ ናሆም ካሜራውን እያጠፋ። «ገና ሳይለቀቅ ሰው አንቀሳቀሰ!»

ጂንካ፣ አመሻሽ

ሽቅቡን ስንመለስ ኬሪ ያለችውን ለናሆም ልንገረው ወይስ ልተወው እያልኩ ከራሴ ጋር ተሟገትኩ። ናሆም ክፉ ልጅ አይደለም፤ እንጀራው ነው። ያ ትንፋሽ ያጠረው ልጅ ግን ከዓይኔ አልጠፋ አለ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ ዝም አልኩ።

ሆቴሉ ግቢ ውስጥ ኔትወርኩ ጥሩ ነው። ናሆም የፍየል ጥብሱ እስኪመጣ የአማርኛውን ጽሑፍ ከኬሪ ምስል ሥር አስገባ፦ «ኑ፣ ተመዝገቡ፣ ቦታ ሳያልቅ!»

«ኦይታ፣ ሐመርኛዋ እንዴት ነበር?» አለ ቀና ብሎ።

ኦይታ እኔን አየኝ። እኔ ከግቢው ፊት ያለውን ሜዳ አየሁ።

«በጣም ጥሩ» አለ ኦይታ። «ልጅም ሽማግሌም ይገባዋል።»

ናሆም ደስ አለው። ቪዲዮው የሚታይበትን ቦታ ከስልኩ ላይ መረጠ። «እንዲያማ ከሆነ ለወረዳው ሙሉ ይዳረስ» አለና ለቀቀው።