የቆላው ጉምና መምህር እንድሪስ

ባለፈው ሰሞን ጭድ የጫነ አይሱዙ ተበላሽቶ ቤቴ ፊት ለፊት ሰነበተ። ስልኬ «መካነ ሰላም፦ ፀሐያማ» ይላል፤ ውጭ ዶፉን ያወርደዋል። አንድ ጠዋት በሬን ስከፍት ዝናብ የመታው ጭድ ሽታ፣ ያ ጎምዘዝ ያለ የሻጋታ ሽታ፣ አፍንጫዬን ሞላው። ወላሂ እግሬ ከደጃፉ አልነቃነቅ አለኝ። ይሄን ሽታ እንዳላሸት ብዬ ስንት ዓመት በአረብ አገር ከርሜያለሁ፤ እሱ ግን ደጄ ድረስ መጣ።

መምህር እንድሪስ የሳይንስ አስተማሪያችን ነበሩ። የወረኢሉ ሰው ናቸው፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ባትሪው በላስቲክ የታሰረ ትንሽ ሬዲዮ ከኮታቸው ኪስ የማይጠፋ። ደመና እንዴት እንደሚፈጠር ያስተማሩን በራሳቸው የሻይ ማንቆርቆሪያ ነው። ክፍል ውስጥ ቡታጋዝ ለኮሱ፣ ማንቆርቆሪያውን ጣዱ፣ እንፋሎቱ ሲወጣ ቀዝቃዛ የብረት ሳህን ደፉበት። ሳህኑ ላብ አውጥቶ ይንጠባጠብ ጀመር። «ይኸው ነው ደመና! የሞቀ አየር እርጥበት ይዞ ሽቅብ ይወጣል፤ ላይ ብርድ ሲያገኘው ጠብታ ይሆናል» አሉን። ከዚያ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ገደሉ አፋፍ ላይ አሰለፉንና ከአባይ ቆላ እያዘገመ የሚወጣውን ጉም አሳዩን። ማንቆርቆሪያው ቆላው ነው፣ ሳህኑ እኛ ያለንበት ደጋ። ሳህን ላይ ነው እንዴ የምንኖረው ብለን ስንት ቀን ሳቅን።

ገበሬው ሲያገኛቸው ከሰላምታ ቀጥሎ «መምህር፣ ሰማዩ ምን ይላል?» ማለቱ አይቀርም። ሬዲዮው የተናገረውን ይነግሩታል፣ ከላዩ የራሳቸውን ግምት ጣል ያደርጋሉ። ይሳሳቱም ነበር እንጂ! «ዛሬስ ጠብ አይልም» ብለው ራሳቸው በስብሰው የገቡበት ቀን ትዝ ይለኛል።

አንድ ታኅሣሥ አባቴ ገብሱን ሊወቃ ደቦ ጠራ። ጠላው ተጠምቋል፣ የእናቴ ወንድሞች ከወግዲ መጥተዋል። በዋዜማው መምህር በደጃችን ሲያልፉ አባቴ እንደ ልማዱ ጠየቃቸው። እኔ ዶሮዎቹን እያስገባሁ ነበር።

«ሬዲዮው ደረቅ ነው ይላል» አሉት። «እኔን ግን የቆላው ጉም አላማረኝም። ጠዋት መበተን ሲገባው ቀኑን ሙሉ ሽቅብ ሲገፋ ነው የዋለ። ጋሽ አያሌው፣ ክምሩን አያፍርሱት፤ ትንሽ ይታገሱ።»

አባቴ ሳቀ። «ደቦ ጠርቼ ልበትን? ሰው ምን ይለኛል!»

እውነቱን ነው፤ በእኛ አገር ደቦ ጠርቶ መበተን ትልቅ ውርደት ነው። መምህርም «ይቅናዎት» ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ።

በነጋታው ክምሩ ፈርሶ፣ ገብሱ አውድማው ላይ ተበትኖ፣ በሬዎቹ መዞር ሲጀምሩ ሰማዩ ተቀደደ። ለቀናት አላባራም። ገብሱ እዚያው አውድማው ላይ በቀለ፣ ገለባው ሻገተ። የዓመት ጉርሳችን ነበር። ትልቁ አጎቴ በሰው ፊት «አንተ ሰው፣ ሰማዩን ሳታይ ነው ክምር የምታፈርስ?» ብሎ አባቴን አፋጠጠው።

አባቴ መሬት መሬቱን እያየ «መምህሩ ደረቅ ነው ብሎኝ» አለ።

በጆሮዬ ሰማሁት። እናቴም ሰምታ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። አገሩ በሙሉ አፉን ከፈተባቸው፤ ገበያ ላይ ሲያልፉ «ዝናብ አውራጁ መጣ» ይሏቸው ጀመር።

እሑድ አጎቶቼና ጎረቤቶቻችን እኛ ቤት ተቀምጠው ሳለ መምህር እንድሪስ ትከሻቸው ላይ ድንጋይ ተሸክመው ደጃችን ቆሙ። ድንጋይ ተሸክሞ የሚመጣ የበደለ ሰው ነው፤ ይቅር እስኪሉት ድረስ አያወርድም። «ጋሽ አያሌው፣ ገብስዎ የጠፋው በእኔ ዳፋ ነው። ይቅር ይበሉኝ» አሉ፣ ቀና ሳይሉ። ክምሩን አያፍርሱት ብያቸው ነበር ቢሉ አባቴ በአማቾቹ ፊት ውሸታም ሊባል ነው፤ ያንን አስበው እንደሆነ የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው።

አባቴን አየሁት። አሁን ይናገራል፣ አሁን እውነቱን ያወጣዋል እያልኩ ልቤ ተሰቀለ።

«ይቅር ብያለሁ፤ ያውርዱት» አለ።

አበስኩ ገበርኩ! ይቅር አለ! ሽማግሌዎቹ መረቁ፣ አጎቴ ድንጋዩን ተቀበላቸው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። አባቴ እኮ ነው!

ከዚያ ወዲህ ሰማዩ ምን ይላል ብሎ የጠየቃቸው ሁሉ የሚያገኘው መልስ «አላህ ያውቃል» ብቻ ሆነ። ብዙም ሳይቆዩ ተዛውረው ወደ አገራቸው ሄዱ።

አምና አባቴ አልጋ ያዘ። አንድ ቀን እናቴን አስወጥቶ «ወረኢሉ ሂጂልኝ። መምህሩ ይቅር ይበሉኝ» አለኝ። አውቶቡስ ተሳፍሬ ሄድኩ። ጢማቸው ነጭ ሆኖ የቤታቸውን ግድግዳ ተደግፈው ፀሐይ ሲሞቁ አገኘኋቸው። የተላክሁበትን ነገር ነገርኳቸው።

«አብሽሪ ልጄ» አሉኝ። «ያ ነገር ሽማግሌ ገብቶበት፣ ይቅር ተባብሎ ያለቀ አይደል እንዴ? ምን ያነሳዋል? ይልቅ ለአባትሽ ሰላም በይልኝ።»

ስመለስ ገና በሩን ሳላልፍ አባቴ ከአልጋው ላይ «ምን አሉ?» አለኝ።

«ሰላም ብለውሃል።»

«ሌላስ?»

«ድሮ ይቅር ተባብለናል ነው ያሉት።»

ጋቢውን ስቦ ፊቱን ሸፈነ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ እያየሁ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።